እባክዎ ወፍጮ ቤቴን አይደግፉብኝ

ለአካባቢ ንግድ ማጠናከሪያ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት፤ ከሌሉም ወንበርዎ ባለበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደህና ናቸው? የሠፈራችንን አቧራ ፈጽሞ የማትወደው ነጭ መኪናዎስ እንዴት ከርማለች? እኔ ለጤናዬ አልታማም፤ ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ካላወጡት አያጉረመርምም። ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ልጽፍልዎ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ያደረጉልን ሁሉ በአደባባይ፣ በጭብጨባ የተደረገ ስለሆነ ምላሼን ጓዳ ለጓዳ ብልክ ውለታ ማሳነስ መሰለኝና ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጻፍኩት።

ማን ናት ይህች ደፋር እንዳይሉኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በዋናው መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ጣሪያው ክረምት ከበጋ ዱቄት የሚለብሰው ወፍጮ ቤት የእኔ ነው። ሠፈርተኛው "ዱቄቷ" ይለኛል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሁለታችንም ቅንድባችን ነጥቶ ከሥራ ስንወጣ ጎረቤቶች "ሽማግሌና አሮጊት መጡ" እያሉ ይሳሳቁብን ነበር። እሱ ሳያረጅ ሞተ፤ እኔ ቀልዱን ብቻዬን እውነት ላደርገው ተቃርቤያለሁ። አሁን ሞተሯን የምታስነሣት ልጄ ናት፤ እኔ ከላይ እህል አፈሳለሁ፣ ከሥር ዱቄት እቀበላለሁ፣ በመካከሉ ወሬ እሰማለሁ። ወፍጮ ቤት የማይፈጭ ወሬ እንደሌለ እርስዎም ሳይሰሙ አልቀሩም።

ከትናንት በስቲያ ሁለት ሠራተኞችዎ መጡ። አክብሮታቸው ልብ ይነካል። "ቁጭ በሉ" ብላቸው "ኧረ ሥራ ላይ ነን እናቴ" አሉኝ። ከዚያ አንደኛው ሜትር ከኪሱ አውጥቶ የወፍጮ ቤቴን በር ግንባር ከዳር እስከ ዳር ለካ፤ ሌላኛው በእርሳስ እንጨቱ ላይ ሁለት ነጥብ አደረገ፤ ተያዩ፤ "ልክ ነው" ተባባሉ፤ መልካም ቀን ተመኝተውልኝ ሄዱ። ነጥቦቹ አሁንም አሉ። ልጄ በእርጥብ ጨርቅ ልታጠፋቸው ሞከረች፤ እንቢ አሉ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ በር ስገባ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ፤ በሩ ግን ከቁመቴ በላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እነዚያ ሁለት ነጥቦች የምን እንደሆኑ በሠፈራችን የማያውቅ ሕፃን የለም። የሰሌዳው ምስማር የሚገባባቸው ናቸው። "ይህ ድርጅት በጽሕፈት ቤታችን ይደገፋል" የሚለው አረንጓዴ ሰሌዳ እስካሁን የተሰቀለበት በር ሁሉ ተዘግቷል። ለዓይን እንኳ አንድ የተረፈ የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና እኔም ሜትር ባየሁ ቁጥር ብደነግጥ አይፍረዱብኝ። ስለዚህ ለእስካሁኑ ድጋፍዎ የሚገባዎትን ምስጋና በቁጥር ደርድሬ ላቅርብና በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ልመና ላስከትል።

አንደኛ፦ ለብረት ቀጥቃጫችን ለጋሼ መዶሻ ስላደረጉት ድጋፍ አመሰግናለሁ። ማረሻ ቢዶለዱም፣ ማጭድ ቢሰበር፣ የበር መቀርቀሪያ ቢላላ ወደ እሳቸው ነበር የምንሮጠው። እርስዎ ግን እኚህ ሰው እስከ መቼ በወናፍ እሳት ሲያራግቡ ይኖራሉ ብለው አዘኑላቸውና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዶሻ አመጡላቸው። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሲታዩ ለጎብኚ ዓይን ደስ አይልም ተብሎ ምድጃቸው ፈረሰ፤ ወናፋቸውም በመኪናዎ ተጭኖ ሄደ። መብራት በእኛ ሠፈር እንደ ሩቅ ዘመድ መሆኑን፣ ሲመጣ ሳይነግር ሲሄድም ሳይሰናበት መሆኑን ማን ለእርስዎ ይንገርዎ? አዲሱ መዶሻ እስካሁን የሠራው ሥራ ቢኖር ጋሼ መዶሻን ማስቀመጥ ነው፤ ላዩ ላይ ቁጭ ብለው መንገድ ያያሉ። ማረሻ አሁን ከከተማ ይመጣል፣ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይም ይታጠፋል። ወናፉ ግን ከፍ ያለ ቦታ ደርሷል፤ በጽሕፈት ቤትዎ የእንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ "ቀድሞ ያገለግል የነበረ" የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ተለጥፎለታል። አንድ ቀን ጋሼ መዶሻ ሊያዩት ሄደው ፊት ለፊቱ ካለው አግዳሚ ላይ ቢቀመጡ ዘበኛው "ምን ጉዳይ ነበረዎት አባት?" አላቸው። "ጉዳይ እንኳ የለኝም ልጄ፣ ዘመድ ልጠይቅ ነው" አሉት። የታመመ ሰው ያላቸው መስሎት "እግዜር ይማርልዎ" አለ አሉ።

ሁለተኛ፦ ዳቦ ጋጋሪዋን ጎረቤቴን ስላስተማሩልን አመሰግናለሁ። ሠፈሩ የሚነቃው በሰዓት ሳይሆን በእሷ ምድጃ ሽታ ነበር። እርስዎም ሙያዋን አይተው፣ አዝመራ ተሰብስቦ ሰው ደህና በሚገዛበት ሰሞን ለሥልጠና ወደ ከተማ ላኩልን። የሥልጠናው ርእስ "ደንበኛን የማቆየት ዘዴ" ይባል ነበር። እሷ ይህን ዘዴ ስትማር ደንበኛው ዳቦ እንዳያጣ ብለው፣ አሁንም በደግነትዎ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ የምታመጣ የከተማ መኪና "ለጊዜው" ጋበዙልን። ጎረቤቴ የምስክር ወረቀቷን ይዛ ስትመለስ ምድጃዋ እሳት አጥቶ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ ሰዉም የፌስታሉን ዳቦ ለምዶ ጠበቃት። "ለጊዜው" የተባለችው መኪና እነሆ ዛሬም በየማለዳው ትመጣለች። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴን ከዚያች መኪና ኋላ ተሰልፋ አየኋት። እኔን ስታይ ዳቦውን ከጀርባዋ ደበቀችው። "ለእንግዳ ነው" አለችኝ። እንግዳ አልነበራትም። እኔም "እንኳን ደህና መጣህ በይልኝ" ብያት አለፍኩ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ይህን ለእርስዎ መንገር ባይገባኝም ነገርኩዎ።

ሦስተኛ፦ "የአካባቢያችንን ምርት እንግዛ" ብለው የጠሩንን ቀን መቼም አንረሳውም። ባነሩ ከከተማ ታትሞ መጣ፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ የሚጠጣው ውኃም ከከተማ መጣ። ንግግርዎም ከወዲያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ በመካከሉ የእኛ ሠፈር ስም ቀርቶ የሌላ ሠፈር ስም ሲጠራ ሰምተን፣ ይሉኝታ ይዞን ለእነዚያም አጨበጨብንላቸው። ሪባን ሊቆረጥ ሲል መቀስ መረሳቱ ታወቀ። ልብስ ሰፊያችን እየሮጠ ሄዶ የራሱን አመጣ። ይህ መቀስ የጋሼ መዶሻ አባት ለልብስ ሰፊው አባት ቀጥቅጠው የሠሩት፣ የሙሽራውንም የሟቹንም ልብስ ሲቆርጥ የኖረ ነው። ከከተማ የመጡት የክብር እንግዳ ሪባኑን ቆረጡ፤ አጨበጨብን፤ እርስዎም መቀሱን ተቀብለው ወደ ላይ ከፍ አድርገው "በአካባቢው ባለሙያ የተሠራ" አሉና መልሰው ለእንግዳው በስጦታ አበረከቱላቸው። ልብስ ሰፊው አብሮ አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ። በዚያን ቀን ከአካባቢያችን ምርት ሥራ ላይ የዋለው መቀሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የሰፊው በር ላይ ሰሌዳው ተሰቀለ፤ መቀስ የሌለው ልብስ ሰፊ ከነሰሌዳው ቀረ።

አራተኛ፦ ስለ ዳቦዋ መኪና ይህን ላክል። ይህች መኪና ባዶዋን ተመልሳ አታውቅም። ዳቦ ታራግፋለች፣ ሰው ትጭናለች። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ራስ እንደ ሕፃን ታቅፎ ተሳፈረ። ቀጥለው የጋሼ መዶሻ ሁለት ወንዶች ልጆች ሄዱ። ከዚያ አናጢው ከነሚስቱ ወጣ፤ የገዛ በሩን በሳንቃ ቸንክሮ ሲጨርስ "የመጨረሻ ሥራዬ ስለሆነ ጥሩ አድርጌ ነው የመታሁት" ብሎኛል። ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነው። ማንንም አይጠራም፣ ጥሩምባ አይነፋም፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ሰው ራሱ ይመጣል።

እንዲህ እንዲህ እያለ መጀመሪያ መዶሻው ዝም አለ፤ ቀጥሎ የስፌት መኪናው፤ ቀጥሎ መጋዙ። ዛሬ በመንገዳችን ላይ ከእኔ ሞተር በቀር የሚሰማ የሥራ ድምፅ የለም። ለምሳ ስናጠፋት ሰዎች ከየቤታቸው ብቅ ይሉና ወደ እኛ ያያሉ። ስትነሣ ተመልሰው ይገባሉ። አንዲት እናት "ዝም ስትል ልቤ ስንጥቅ ይላል ልጄ" አሉኝ። "አይዞዎት እማማ፣ ምሳ ልንበላ ነው" አልኳቸው። የእኔም ልብ ስንጥቅ ማለቱን አልነገርኳቸውም።

አምስተኛው የራሴ ነው፤ ገና ስላልተፈጸመ ምስጋናውን ለጊዜው ይዤዋለሁ። ባለፈው ስብሰባ በራስዎ አንደበት እንዳስረዱን ሰሌዳው ከተሰቀለ በኋላ ወፍጮዬ "ከማዕከሉ ጋር ይዋሃዳል"። ማዕከሉ ማለት ከወንዙ ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር የቆመው ሰማያዊ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ነው። እኔንም "ሞዴል ነጋዴ" ብለው አስነሥተው አስጨበጨቡልኝ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል የሚባል ነገር አለ፤ እርስዎን አይመለከትም፤ አሞራ የሚበሉ ሰው አይመስሉኝም። የወፍጮዬ ድንጋይ ከወናፉ ጎን ቆሞ ከሥሩ ጽሑፍ ሲለጠፍለት ግን ከወዲሁ ይታየኛል።

ወንዙ ስብሰባ አይገባውም ክቡር ሆይ። በበጋ መኪና እየረገጠው ያልፋል፤ በክረምት ይሞላል፤ ያን ጊዜ ማዕከሉም ከዚያ ማዶ፣ የዳቦዋ መኪናም ከዚያ ማዶ ናቸው። ባለቤቴ በሞተ ዓመት ክረምት ሞተሯ ተሰበረችና መካኒክ መሻገር አቅቶት ከማዶ ቆሞ እጁን እያወዛወዘልን ተመለሰ። ጎተራው ሙሉ ነበር፤ ዱቄት ግን በሠፈሩ አልነበረም። ጥርስ ያለው እህል ቀቅሎ በላ። ጥርስ የሌላቸው ሽማግሎች እህል በሞላ ቤት ውስጥ ተርበው ተኙ፤ ከተኙት ሳይነሡ የቀሩ አሉ። ሞተሯን ያዳነቻት ልጄ ናት፤ አባቷ ሲፈታና ሲገጥም ያየችውን እያስታወሰች፣ እያለቀሰች ገጠመቻት። የተነሣች ቀን ሰው እየሮጠ መጣ፤ አንድ ጎረቤታችንማ ሱሪውን ረስቶ ጆንያውን ብቻ ይዞ መጥቶ እስካሁን ይቀለድበታል።

ይህችው ልጄ የእርስዎን ንግግር ከሰማች ወዲህ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከታ አልጋዋ ሥር አስቀምጣለች። ተደብቃ ነው የከተተችው፤ እኔ ግን እናት ነኝ፣ የሻንጣ ዚፕ ከሞተር ድምፅ በላይ ይሰማኛል። የዳቦዋን መኪና ሹፌርም "ቦታ ይኖራል?" ብላ ጠይቃዋለች፤ ወፍጮ ቤት ወሬ አይደበቅም ብያለሁ። አልተቆጣኋትም። ወፍጮው ከሄደ ምን ብዬ ላስቀራት? በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ምንም ሳልቀላቅልበት የምጽፍልዎ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ልጄን ያቺ መኪና እንዳትወስድብኝ ፈርቻለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ጆንያ ልንገርዎ፤ እንግዳ ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉ። በእኔ ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጆንያ ነው። ሰው ጆንያውን ያስቀምጥና ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ተራው ሲደርስ ይመጣል። አንዱ በቀይ ክር ታስሯል፣ ሌላው በአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ተጥፏል፤ የማን እንደሆነ ከሩቅ እንለያለን። በመንገዱ ሲያልፉ ለጆንያዎቹ ባርኔጣ እያነሡ "እንደምን ዋላችሁ" የሚሉ አንድ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌም አሉን። ጆንያው እስከቆመ ድረስ ባለቤቱ እንደቆመ ይቆጠራል፤ ማንም አይገፋውም፣ ማንም አይሻገረውም።

አንድ ጊዜ አንድ እህል ነጋዴ ቸኩሎ የአንዲት መበለት ጆንያ በእግሩ ገፋ አድርጎ የራሱን አስቀደመ። ማንም አልተቆጣውም፤ ማንም አልሰደበውም። እኔም ፈጨሁለት፣ "ይባረክ" ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን "እንደምን አደራችሁ" ሲል የሚመልስለት ጠፋ። ሱቁ ክፍት ይውላል፣ የሚገባ የለም። በመንገድ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዳር ይይዝለታል፣ እስኪያልፍ ድረስም መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ሱቁን በገዛ እጁ ቆልፎ ሄደ። ቁልፉ እስከ ዛሬ በሩ ላይ ዝጎ ተንጠልጥሏል፤ የነካው የለም። እኛ ሰው አንመታም ክቡር ሆይ። ዝም ነው የምንለው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህች ናት። መደገፍ ካማረዎ፣ እውነትም ካማረዎ፣ ወናፉን ከግድግዳው አውርደው ለባለቤቱ ይመልሱ። መቀሱን ከሰጡበት ቤት ለምነው ያምጡ። ለዳቦዋ መኪና ጊዜው ማለቁን ይንገሯት፤ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞችም ቁርሳቸውን ከጎረቤቴ ምድጃ ይግዙ፤ ስንጥቁን እኛ እንመርግላታለን። ከእኔ ደግሞ ምንም አያድርጉልኝ። እኔን መደገፍ ማለት እህልዎን አምጥተው፣ ጆንያዎን አስቀምጠው ተራ መጠበቅ ነው፤ ከዚህ የተረፈውን ድጋፍ ለሌላ ሠፈር ይመርቁልኝ፤ ለሌላ ሠፈርም ባያደርሱት ደግ ነበር።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። ዛሬ ድንጋዩን የምንወቅርበት ቀን ነው፤ መዶሻና መሮ ይዘን ልሙጡን ድንጋይ እናሻክራለን እንጂ እህል አንፈጭም። ይህን የማያውቅ ሰው በሠፈሩ የለም። ማለዳ በሩን ስከፍት ግን ጆንያ ተሰልፎ አገኘሁ። ከበሬ ጀምሮ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ፣ ሁለት ሦስት እየሆነ ተደርድሯል። በአጠገቡ አንድም ሰው አልነበረም። ማን ማንን እንደጠራ አላውቅም፤ እኔ አልጠራሁም። የጎረቤቴ የዱቄት ከረጢቶች አሉ። ጋሼ መዶሻ የሚፈጭ እህል ስለሌላቸው የፈረሰ ምድጃቸውን ድንጋይ በጆንያ ሞልተው አቁመዋል። የአናጢውና የልብስ ሰፊው ጆንያዎችም አሉ፤ እነሱ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ማን እንዳስቀመጠላቸው ብጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

ከሁሉ ፊት፣ ከበሩ ሥር፣ ከሁለቱ ነጥቦች በታች፣ የልጄ ሻንጣ ቆሟል። ያቺ መኪና ልትመጣ ደርሳ ነበርና ልጄ ልትሳፈር ያወጣችው መሰለኝ። ወደ ቤት ልመልሰው ብዬ ባነሣው ከበደኝ። ከፈትኩት። ልብሷን አውጥታ ስንዴ ሞልታበታለች።

መኪናዋም መጣች፤ መታጠፊያው ላይ ቆመች፤ ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ያመጣችውን ዳቦ እንደጫነች ተመለሰች።

እርስዎም ሰሌዳውን ይዘው ሲመጡ እንግዲህ ነጭ መኪናዎን እዚያው መታጠፊያው ላይ አቁመው በእግርዎ ይምጡ። ሰው ቢያጡ አይደናገጡ፤ ሁላችንም ቤታችን ነን፣ በራችን ገርበብ ብሎ ይጠብቅዎታል። ጆንያዎቹን ገፋ አድርገው ማለፍ ካሰኘዎት ይለፉ። ማንም አይከለክልዎትም። ማንም ምንም አይልዎትም።

እስከ ዛሬ ሳልደገፍ የቆምኩ፣ ነገም እንዲሁ እንድቆም የምለምንዎ፣ እግዜር የእግርዎን እርምጃ ከእንቅፋት እንዲጠብቅልዎ ከልብ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ
ዱቄቷ፣
ከመንገዱ መጨረሻ

ግልባጭ፦ ለመላው ሠፈርተኛ፤ በወፍጮ ቤቴ በር ግንባር፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ተለጥፏል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን በእጄ ላደርስ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ናቸው የተባሉ ሁለት ጨዋ ሰዎች የእርስዎን በር ግንባር በሜትር ሲለኩ አገኘኋቸው። ዘበኛው "ቁጭ በሉ" ቢላቸው "ሥራ ላይ ነን" አሉት። ሁለት ነጥብ አድርገው፣ "ልክ ነው" ተባብለው፣ መልካም ቀን ተመኝተውልን ሄዱ። በእርጥብ ጨርቅ አይልፉ፣ አይጠፋም። የሚያስፈራም ነገር የለውም፤ ድጋፍ ነው። የዳቦዋ መኪናም ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ቦታ አላት፤ ሹፌሩ ማንንም አይጠራም፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅዎታል።